ሽማግሌ የገባበት ክርክር

ኅዳር 3 ቀን 2017፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 1 ሰ.

ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። መታወቂያው ሰባ አራት ይላል፤ መታወቂያው ተሳስቷል። ጢሜን ያለ መስታወት እላጫለሁ። ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ ባለ ሃያውን፣ ከቦቴው እስከ በርሜሉ ሳላርፍ አደርሳለሁ። አምስቱንም ሶላት መሬት ላይ እሰግዳለሁ፣ ወንበር አልፈልግም። የሲኖትራክ ጎማ ብቻዬን እፈታለሁ። ሲታሰር ሰው እጠራለሁ፣ ግን አልለምንም። አነባለሁ። ቀስ ብዬ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ፣ ግን አነባለሁ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የያዝኩት ፊደል እስከ ዛሬ አልጠፋብኝም። እጽፋለሁም፤ አንተ አጀንዳ ምስክሬ ነህ።

ነጃት የማይችሉትን ደግሞ ይጻፉ አለች። የሚጻፍ የለም አልኳት።

ነጃት የልጅ ልጄ ናት። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት። እናቷ ሽንሌ ትነግዳለች። ዘሀራ፣ ባለቤቴ፣ አላህ ይማራት፣ ከሄደች ወዲህ እዚህ ቤት እኔና ነጃት ብቻ ነን። ዘንድሮ የያዘችው ትምህርት የጥንት ግሪክ ፍልስፍና ይባላል። ጎረቤቴ ሐጂ ሙሁመድ፣ ድሮ የግመል ደላላ የነበረው፣ ይህን ከሰማ ወዲህ አላስቀመጠኝም። የሚሸጠው የት ገበያ ነው ይለኛል። ድንበሩ ላይ፣ ቶጎጫሌ ቢወስዱት ይገዛል ወይ ይለኛል። አንተ ባለ ሦስት እግር ግመል የሸጥከው ገዢው ስላልተማረ ነው አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ነፋሱ ከትናንት ጀምሮ አላረፈም። የቆርቆሮው በር ይንጓጓል። ተነሳሁ፣ አሰርኩት። ተቀመጥኩ። ተነሳሁ፣ ፈታሁት። ዛሬ መቀመጥ እምቢ ብሎኛል።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ

ነጃት ታነብልኛለች። እንግሊዝኛ ነው፣ እሷ ወደ አማርኛ እየመለሰች። ለእኔ ስታስረዳ ለራሷም ይገባታል አለች። ይሁን። ለአንድ ነገር ጠቀምኩ።

የአንድ ግሪክ ሽማግሌ ታሪክ ነው። ስሙ ምላሴ ላይ አይቀመጥም፤ ሽማግሌው እለዋለሁ። ባዶ እግሩን ገበያ ለገበያ ይዞራል። ሰውን ያቆማል። ፍትሕ ምንድን ነው ይላል። ድፍረት ምንድን ነው ይላል። ሰውየው ይመልሳል። ሽማግሌው መልሱን ይዞ ይገለብጥበታል። ሰውየው ያፍራል፣ ይናደዳል። እንዲህ እንዲህ እያለ የከተማውን ትልቅ ሰው ሁሉ አስቀየመ። ልጆቻችንን አበላሸ ብለው ከሰሱት። ዳኛው ብዙ፣ እንደ ሠርግ ሰው። ሞት ፈረዱበት።

አሁን የእኔን ፍርድ ጻፍ፣ አጀንዳ። ያ ሁሉ ከተማ፣ ያ ሁሉ የተማረ፣ አንድ ሽማግሌ የሚልክ ሰው አልነበረውም? ሦስት ሰው ከሳሹ ቤት ቢሄድ፣ ሦስቱ ያንኑ የግሪኩን ሽማግሌ ትንሽ አፍህን ሰብሰብ አድርግ ቢሉት፣ ከአስር ሶላት እስከ መግሪብ የሚያልቅ ጉዳይ ነው። እኔ በዚህ ሰፈር ከዚህ የከፋ ጨርሻለሁ። በአንድ የጋራ ግድግዳ ምክንያት የማይነጋገሩ ወንድማማቾች አስታርቄ፣ ግድግዳውን አብረው ቀብተውታል።

ነጃት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ፈተና ላይ እጽፈዋለሁ አለች።

ከዚያ ቀጠለች። ሊሞት ሲል ወዳጆቹ እስር ቤት መጡ። ዘበኛው እሺ ብሏል፣ መንገዱ ክፍት ነው፣ እንሂድ አሉት። እምቢ አለ። የአገሬን ሕግ ጥዬ አልሸሽም አለ። ወደድኩት። ወንድ ማለት ይኼ ነው አልኩ። ነጃት መጽሐፉን ዘጋችው። ደክሞኛል አለች። ሻዩን እንኳ አልጨረሰችም።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9 ሰ.

እስክሪብቶውን ስጫን ወረቀቱ ተቀደደ፣ ከንዴት ነው፣ ከእርጅና አይደለም።

ነጃት ስልኳን ረስታ ሄደች። ባጃጅ ይዤ ዩኒ. ሄድኩ። ጥበቃው ያውቀኛል፣ የሱን ሞተር ጎማ ስንቴ ለጥፌያለሁ፤ አስገባኝ። ክፍሉን አሳዩኝ። መስኮቱ ክፍት ነው። ከውጭ ቆምኩ።

ነጃት ቆማለች። መምህሯ፣ መ/ር ዳዊት የሚባል፣ ከደቡብ የመጣ፣ ገና ልጅ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አላሳመንሽኝም ይላታል። ሐሳብሽ መሀሉ ላይ ተሰብሯል ይላታል። እሷ አልተቀመጠችም። እርስዎ ጥያቄዬን አልመለሱም፣ ዞረው ነው የሄዱት አለችው። መምህሯን! በሰው ፊት! ልጆቹ ሳቁ፣ አንዱ አፏጨ። መምህሩ ፊቱ ቀላ። ድጋሚ ጠየቃት፣ ድጋሚ መለሰች፣ ድጋሚ። ድምፅዋ ከፍ እያለ ሄደ። እኔ ያሳደግኋት ልጅ።

ስልኩን ለጥበቃው ሰጥቼ ተመለስኩ። በእግሬ። ባጃጅ ትዝ አላለኝም።

ማታ፦ መጣች። እራት አልበላችም። ስትጽፍ፣ ስትሰርዝ። ምን ሆንሽ አልኩ። ከመምህሬ ጋር ገና አልጨረስንም አለች። መስኮት ላይ መቆሜን አልነገርኳትም።

አንድ መምህር ቂም ከያዘ የልጅ ዕድሜ ይበላሻል። አውቃለሁ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ቆርጫለሁ። ሽማግሌ ይላካል።

ሐጂ ሙሁመድን አማከርኩ። መጀመሪያ አሾፈ፣ እንደ ልማዱ። ስለሞተ ግሪክ ነው የተጣሉት አለኝ። አዎ። ወራሹ ማን ነው አለኝ። ወርያ፣ አንተ ሰው፣ ዝም በል አልኩት። ከዚያ ነገሩ ገባው፣ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ሽምግልና ላይ ሐጂ አይቀልድም። ሁለተኛው ሻምበል በቀለ ነው። ጡረተኛ ነው፣ ክርስቲያን ነው፣ መምህሩም ክርስቲያን ስለሆነ አብሮን መኖሩ ጥሩ ነው ተባለ። ሻምበል አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፦ ጥፋቱ የማን ነው? የልጅቷ ነው አልኩ። ታናሽ ናት፣ ተማሪ ናት፣ በሰው ፊት መልሳለች። አለቀ አለ ሻምበል።

ለነጃት አይነገርም። ሲያልቅ ታውቃለች፣ ታመሰግነኛለች።

ኅዳር 15፣ እሑድ፣ ከመግሪብ በኋላ

ተሳካ! ጻፍ።

ከአስር ሶላት በኋላ ሄድን። እኔ ኮቴን ለብሼ። ሐጂ የግመል ወተት ይዞ፣ ሻምበል ስኳር። መ/ር ዳዊት የተከራየው አንዲት ክፍል ናት፣ ግቢው ውስጥ ሌላም ተከራይ አለ። በቁምጣ ሆኖ ልብስ ያጥባል። እጁ አረፋ ነው። ሦስት ሽማግሌ ሲያይ ደነገጠ፣ ሰው የሞተበት መሰለው። ግቡ አለ። ገባን፣ ግን አልተቀመጥንም። ነገሩ ሳያልቅ አይቀመጡም። ሱቅ ልኮ ለስላሳ አስመጣ፣ ከፈተ። ማንም አልነካውም።

ሐጂ ጀመረ፣ በዱዓ። ከዚያ እኔ። ልጄ በድላሃለች፣ እኔ አባቷ እግርህ ላይ ነኝ አልኩ። ዝቅ ማለት ስጀምር ሮጦ ያዘኝ። በእርጥብ እጁ።

እሱ፦ አባቶቼ፣ ምንም ጠብ የለም። ሥራችን ነው።

ሻምበል፦ የተበደለ ሁሉ መጀመሪያ የለም ነው የሚለው።

እውነቱን ነው። በዕድሜዬ ሙሉ አዎ ተቀይሜያለሁ ብሎ የጀመረ ሰው አላየሁም። ሁሉም የለም ይላል፤ ሽማግሌው ይጫነዋል፤ ከዚያ ይወጣል። ተጫንነው። በጣም ጎበዝ ተማሪዬ ናት አለ። አየህ፣ ምሬቱን በምስጋና ይሸፍናል አለኝ ሐጂ በጆሮዬ። በሶማሊኛ። ቆምን። ለስላሳው ሞቀ። ምድጃው ላይ ያለው ሽሮ መቃጠል ጀመረ፣ ሸተተን። ሰውየው አንዴ ወደ ምድጃው፣ አንዴ ወደ እኛ ያያል። በመጨረሻ እሺ፣ ይቅር ብያለሁ፣ ተቀመጡልኝ አለ። ተቀመጥን። እሱ ወደ ሽሮው ሮጠ። መረቅነው። ለስላሳውን ጠጣን።

በመንገድ ላይ ሻምበል ቀላል ነበረ አለ። እኔ ግን አንድ ነገር ከደረቴ ወረደልኝ። ግሪኮቹ ይህን ቢያውቁ።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ነጃት ቶሎ መጣች። ዛሬ እንዴት ነበር አልኩ፣ ሳላስመስል። ገረመኝ አለች። መምህሩ ምንም አልጠየቀኝም። አንድ ነገር ተናግሬ እስኪቆጣ ጠበቅኩ፣ ጥሩ ነው፣ ተቀመጪ አለኝ።

ጥሩ ነዋ አልኩ። ዞር ብዬ ፈገግ አልኩ። እሷ ግን እራቱን ገፋ ገፋ አደረገችው። ነገር ያላለቀላት ትመስላለች። እኔም ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ውጭ ወጥቼ ግቢውን ዞርኩ።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 10 ሰ. ተኩል

አጀንዳ። ሄደች።

ከግቢ በር ጀምሮ ፊቷ ሌላ ነው። ቆማ፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ። አባባ፣ መ/ር ዳዊት ነገረኝ፣ ቤቱ ሄዳችኋል? አለች። ሄደናል፣ አልቋል አልኩ። ምኑ? ጠቡ። የምን ጠብ? አየሁሽ አልኩ፣ በመስኮት አየሁሽ፣ ለመምህርሽ ስትመልሺ።

የውሃ ባልዲው ላይ ተቀመጠች። የምትስቅ መሰለኝ። አልሳቀችም። ትምህርቱ እኮ እሱ ነው አለች። እንድመልስለት ነው የሚያቆመኝ። እኔም አንድ ሽማግሌ በዚህ ዕድሜዬ የማውቀውን ነገርኳት፣ ሰው ፊት የተባለ ቃል ቂም እንደሚተክል። እሷም ያለችውን እንዳለችው እጽፈዋለሁ፦

«እዚያ ክፍል ውስጥ የሚሞግተኝ ሰው አንድ እሱ ነበር። ሌላው ጎበዝ ብሎ ያልፈኛል። እሱንም ዝም አሰኛችሁብኝ። ምንም ሳላጠፋ ይቅር ተባልኩ።»

ለአንቺ ብዬ ነው አልኩ። እኔን ጠየቅኸኝ? አለች። በአንተ ጠራችኝ። ተወልዳ እስከ ዛሬ በአንቱ ነው የምትጠራኝ።

ፍራሿን ጠቀለለች። ዶርም፣ ጓደኛዋ ጋ። ባጃጅ ጣሪያ ላይ አሰረችው፣ ራሷ፣ እኔ ቋጠሮውን ላሳያት እጄን ስዘረጋ ይዣለሁ አለች። ነፋሱ ፍራሹን ያነሳዋል፣ ይጥለዋል። እስከ አስፋልቱ ድረስ አየሁት።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

ጁምዓ ሄድኩ። ኹጥባው፣ ስብከቱ፣ ምን እንደነበረ አላውቅም።

እኔ ነኝ የተበደልኩ። ያሳደግሁ እኔ። እግር ላይ የወደቅሁ እኔ። አልሄድም። ትምጣ። ትልቅ ሰው ልጅ ዘንድ አይሄድም፤ እንዲህ ሲደረግ አላየሁም፣ አላደርግም።

ውሃ ቀዳሁ። በርሜሉ ሙሉ ነበር። ፈሰሰ።

ከቀኑ 11 ሰ.፦ አንድ የአይሱዙ ጎማ መጣ። ሠራሁት። ሹፌሩ ጋሼ፣ አልጠበቀም አለኝ። ድጋሚ ሠራሁት።

ኅዳር 22፣ እሑድ

ሐጂና ሻምበል አላስቻላቸውም። አሁን ደግሞ ባንተና በልጅቷ መካከል እንግባ አሉ። አልከለከልኩም። ግን እኔ አልላክኩም፣ ይህ ይመዝገብ።

ዩኒ. በር ላይ ጠሯት። መጣች። አክብራ፣ ሻይ ቤት ወሰደቻቸው፣ እሷ ከፈለች። ሐጂ በዚህ በጣም ተደሰተ፣ ሦስቴ ነገረኝ። ከዚያ የመጡበትን ነገር ሲጀምሩ፣ አባባ ራሱ ይምጣ አለች። በራሱ አፍ። እናንተ ሻይ ጠጡ፣ ሽምግልናውን ተዉት። ሻምበል ሊጫናት ሞከረ። እንደ ዳዊት አልሆነችለትም።

ሌላም ነገሩኝ። ሐሙስ ጽሑፏን በክፍል ፊት ታቀርባለች። ከመስከረም ጀምሮ የደከመችበት። መምህሩ ጥሩ ነው ይላታል፣ ልጆቹ ያጨበጭባሉ፣ ያልቃል አለች። ይህን ስትል ነው ድምፅዋ የተሰበረው አለ ሻምበል።

ጽሑፉ ስለምንድን ነው አልኩ። ሐጂ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እኔ የገባኝ፣ ያ ግሪክ ከእስር ቤት መውጣት ነበረበት ትላለች አለ። ለምን? ቤቱ ትንሽ ልጅ ነበረችው ወይ ነበረው፣ እንጃ። ሕጉንስ አከበረ፣ ልጁስ ምን አደረገው ትላለች። እያወራች እንባዋ መጣ። ወላሂ ሰይድ፣ እኔ ለዘመዴም እንዲህ አላለቀስኩም፤ ግሪክ እኮ ነው፣ የሞተው መቼ ነው፣ ልጁስ ቢሆን አሁን የት አለ አለኝ።

ሳቀ። ሻምበል አልሳቀም። እኔን አየኝ፣ ከዚያ መሬቱን አየ።

ኅዳር 23፣ ሰኞ፣ ጠዋት 12 ሰ.

ከማልን ልጻፍ።

ከማል ልጄ ነው፣ የነጃት አባት። ሹፌር ነበር። ከቶጎጫሌ ሩዝ ጭኖ ሲመጣ፣ ደረቁ ወንዝ ላይ ደራሽ ጎርፍ ያዘው። ረዳቱ ዘሎ ወጣ። ከማልን ና ዝለል እያለ ጮኸ። ከማል የሰው አደራ ነው፣ አስነስቼ አወጣዋለሁ አለ። ሩዙ የደሃ ነጋዴ ሴቶች ነበር፣ ያላቸው ሁሉ እሱ ነው። መኪናውን ጎርፉ ከነ እሱ ወሰደው። ነጃት ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ።

ይህን ታሪክ አንተ አጀንዳ ብቻ ነህ ያልሰማኸው። ሠርግ ላይ ነግሬዋለሁ፣ ለቅሶ ላይ ነግሬዋለሁ። ለማላውቀው ሹፌር፣ ጎማውን እያሰርኩ ነግሬዋለሁ። ልጄ አደራ ጥሎ አልሸሸም እላለሁ። ደረቴ ይሰፋል። ሰዉ ምራቁን ይውጣል፣ ወንድ ነበር ይላል። ሻዩን የምታቀርበው ነጃት ናት። ሁልጊዜ። ትሪውን አስቀምጣ ትወጣለች። አንድ ቀን አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። እኔም አኩሪ ነገር ስለሆነ ምን ትላለች ብዬ።

በግሪኩ አለመሸሽ ወንድ ማለት ይኼ ነው ስል ነው መጽሐፉን የዘጋችው።

ስትሟገት የነበረው ከመ/ር ዳዊት ጋር አይደለም። ከኔ ጋር ነው። እኔ አልተገኘሁም።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ዩኒ. በር ድረስ ሄድኩ። ጥበቃው ጋሽ ሰይድ፣ ይግቡ አለኝ። የሞተርህን ጎማ ላየው ነው የመጣሁት አልኩ። አየሁት። ደህና ነው። ተመለስኩ።

ምን እላታለሁ? ተሳስቻለሁ? አልተሳሳትኩም። ከማል ልክ ነበር። ዛሬም እላለሁ፣ ነገም እላለሁ። ቢሸሽ የሴቶቹን ዓይን እንዴት ያይ ነበር? ግን የነጃትንስ ዓይን? ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ራሴንም። ስጽፈው እንኳ እስክሪብቶው ቆመብኝ፤ ቀለሙ አላለቀም።

በላሁ። ምን እንደበላሁ እንጃ።

ኅዳር 25፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 8 ሰ.

ሐጂ መጣ። ነገ ሦስታችን ሆነን እንሂድ፣ ከፊት ወንበር እንቀመጥ፣ ስትጨርስ እንመርቃት፣ እዚያው ትታረቃላችሁ አለ። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ የሐጂ ሐሳብ ሁሉ ጥሩ ነው። አይሆንም አልኩት። ለምን አለ። ምርቃት አይደለም የጎደላት አልኩ። የጎደላት የሚጣላት ሰው ነው።

ብዙ አየኝ። አንተም ግሪክ ሆንክ አለኝ። ተነስቶ ሄደ። ከበሩ ተመልሶ ኮትህን ልበስ፣ ነፋሱ ብርድ አለው አለኝ።

ኅዳር 26፣ ሐሙስ፣ ጠዋት 12 ሰ. ተኩል

ሰገድኩ። ተላጨሁ፣ አገጬ ላይ ትንሽ ቆረጥኩ። ጥያቄዬን ከትናንት ጀምሮ እያላመጥኩት ነው። ግሪኩ ሸሽቶ ቢሆን፣ አድጎ አባቴ ምን አድርጎ ነው የተረፈው ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ ምን ይመልሳል? ከባድ ነው። መመለሻ ያላት አይመስለኝም። ምናልባት አላት። ቆሜ ነው የምጠይቀው፣ በሰው ፊት፣ ጮክ ብዬ። ልጆቹ ይሳቁ።

ብቻዬን ነው የምሄደው። ሰው አልክም። ራሴ የምከፍላቸው ዕዳዎች፣ ዛሬ በጠዋቱ የጻፍኳቸው፣ እንዳይረሱ፦

ለመ/ር ዳዊት፣ ያልነበረውን ይቅርታ መልሼ እወስዳለሁ። ልጄን እንደ ድሮው አቁማት እለዋለሁ። ለተቃጠለው ሽሮም አንድ ነገር።

ለረዳቱ፣ ለዚያ ዘሎ ለወጣው ልጅ። ቶጎጫሌ መስመር ላይ ይነዳል፣ እዚህ ሲያልፍ ፊቴን አዞራለሁ፣ ዓመታት ሆነ። ልክ ነበርክ አልለውም። ሰላም እለዋለሁ። ጎማ ካለው እሠራለታለሁ።

ለዘሀራ፣ መቃብሯ ዘንድ መሄድ። ከዒድ ወዲህ አልሄድኩም።

ለከማል፣ ገና አላውቅም።

ለነጃት አንድ ጥያቄ። ከዚያ ስትመልስ ቁጭ ብሎ መስማት፣ ሳያቋርጡ፣ ሻዩን እሷ ሳትሆን እኔ ቀድቼ፣ እስክትጨርስ። ይኸኛው ነው የሚከብደኝ።